አሚኖ አሲድና የኩላሊት ጠጠር፦ የትኛው? በየት በኩል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ41 ዓመት ሴት ናቸው። ከሁለት ወር በፊት 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር በሽንት ወጣላቸው። ላብራቶሪው መርምሮ «ካልሲየም ኦክሳሌት» አለ። ለቆዳና ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል ተብለው ለስምንት ወር ያህል በየቀኑ የኮላጅን ዱቄት ሲወስዱ ቆይተዋል። የ14 ዓመቱ የወንድማቸው ልጅም ጠጠር ወጥቶለታል። የእሱ ግን «ከአሚኖ አሲድ የተሠራ ነው» ተባለ። «ታዲያ አሚኖ አሲድ ጠጠር ያመጣል ማለት ነው? የእኔና የልጁ አንድ በሽታ ነው? እኔ ወተትም፣ ስጋም፣ ኮላጅንም፣ ሁሉንም አቁሜያለሁ። ልጁም ፕሮቲን ያቁም?» ብለው ጠይቀዋል።

እህቴ፣ እንኳን ወጣልዎት። የጠጠርን ሕመም ያየው ያውቀዋል። የወለዱ እናቶች «ከምጥ አይተናነስም» ሲሉኝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ፈርተው ሁሉንም ነገር ማቆምዎ አልገረመኝም። ግን ካቆሟቸው ነገሮች አንዱን ዛሬውኑ እንዲመልሱት እፈልጋለሁ፤ ወተቱን። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መልሱን ላስቀድም። የእርስዎና የልጁ ጠጠር አንድ አይደለም። በልጁ ላይ አሚኖ አሲዱ ራሱ ነው ድንጋይ የሆነው። በእርስዎ ላይ ግን ድንጋዩ ካልሲየምና ኦክሳሌት ነው፤ ኦክሳሌት ሰውነት የማይጠቀምበት፣ በሽንት የሚጣል ነገር ነው። አሚኖ አሲድ እጁ ካለበት የገባው በጓሮ በር ነው።

ሰውን የሚያምታታው «አሚኖ አሲድ» የሚለው ስም ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። የእያንዳንዳቸው ጠባይ ለየብቻ ነው። ለምሳሌ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች የሚወስዷቸው ሊውሲን፣ አይሶሊውሲንና ቫሊን በውስጣቸው ድኝ የለም፤ ወደ ኦክሳሌትም አይለወጡም። በጠጠር ጉዳይ እነሱን የምከስበት ምክንያት የለኝም። ጥቂቶቹ ግን በደንብ ይመለከታቸዋል። ስለዚህ «አሚኖ አሲድ ጠጠር ያመጣል ወይ?» ብሎ በጅምላ ከመጠየቅ «የትኛው? በየት በኩል?» ማለት ይሻላል።

ከልጁ ልጀምር፤ የእሱ መንገድ ግልጽ ነው።

የልጁ በሽታ ሲስቲኑሪያ ይባላል። ሲስቲን ማለት ሲስቴይን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሁለት ሆኖ፣ በድኝ ተያይዞ የሚፈጥረው ጥንድ ነው። ኩላሊት ደም ሲያጣራ አሚኖ አሲዶችም ከውሃው ጋር አብረው ይወርዳሉ። ጠቃሚ ናቸውና እንዲሁ አይጣሉም። በኩላሊት ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ያሉ በሮች እየለቀሙ ወደ ደም ይመልሷቸዋል። ከእነዚህ በሮች አንዱ አራት አሚኖ አሲዶችን ያሳልፋል፤ ሲስቲንን፣ ኦርኒቲንን፣ ላይሲንንና አርጂኒንን። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ይህ በር ተበላሽቷል። አራቱም ወደ ሽንት ይፈስሳሉ። ሦስቱ በውሃ በደንብ ስለሚሟሙ ማንም ሳያውቃቸው ይወጣሉ። ሲስቲን ግን በደንብ አይሟሟም። እዚያው ይቀራል።

በቁጥር ላሳይዎት። ጤነኛ ሰው በቀን በሽንቱ የሚያስወጣው ሲስቲን ከ30 ሚሊ ግራም በታች ነው። ሲስቲኑሪያ ያለበት ሰው ከ400 በላይ፣ አንዳንዴም ከ1000 ሚሊ ግራም በላይ ያስወጣል። አሲድም አልካሊም (የአሲድ ተቃራኒ) ባልሆነ ሽንት ውስጥ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 7 አካባቢ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ሽንት መሸከም የሚችለው 250 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ያካፍሉት። 1000 ሚሊ ግራም ለማሟሟት 4 ሊትር ሽንት ያስፈልጋል። ልጁ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ቢሸና የቀረው የት ይሄዳል? ጠጠር የሚሆነው ያ ትርፉ ነው።

ክሪስታሉን በማይክሮስኮፕ ካዩት አይረሱትም። የጠዋት ሽንት ጠብታ መስታወት ላይ አድርገው ሲመለከቱ ስድስት ጎን ያላቸው፣ ጠፍጣፋ፣ ጥርት ያሉ ገበታዎች ተደራርበው ይታያሉ። የንብ እንጀራ ቀዳዳ አንድ በአንድ ተነቅሎ የተበተነ ይመስላል። በሽንት ውስጥ እንዲህ ያለ ቅርጽ የታየ እንደሆነ ምርመራው አለቀ ማለት ይቻላል። ሐኪሞች ጠጠሩን በሌዘር ሲሰብሩትም የድኝ ሽታ ይሸታል። በነገራችን ላይ ይህ ጠጠር ጠንካራ ነው፤ ከውጭ በሚላክ የድንጋጤ ሞገድ በቀላሉ አይፈርስም።

እዚህ ላይ ደስ የሚለኝን አንድ ታሪክ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1810 ዊልያም ሃይድ ዎላስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ከሰው ፊኛ የወጣ፣ ከሌሎቹ ለየት ያለ ጠጠር መረመረ። ሲስቲን ያኔ ታወቀ። ስሙም የተወሰደው ፊኛ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ከምግብና ከሰውነት ፕሮቲን ውስጥ መገኘቱ ግን ወዲያው አልታወቀም። መርነር የተባለ ስዊድናዊ ከቀንድ ለይቶ ያወጣው በ1899 ነው። ፀጉራችንን፣ ጥፍራችንንና ቆዳችንን የሚያጠነክረው አሚኖ አሲድ ለ90 ዓመት ያህል የታወቀው በጠጠርነቱ ብቻ ነበር። በ1908 ደግሞ አርቺባልድ ጋሮድ ከትውልድ የሚወረሱ የሰውነት ኬሚስትሪ ጉድለቶች አሉ ብሎ ሲያስተምር ከጠቀሳቸው አራት በሽታዎች አንዱ ሲስቲኑሪያ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ልጁ ፕሮቲን ያቁም? አያቁም። 14 ዓመቱ ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ነው። ፕሮቲን ቢከለከል የሚጎዳው አጥንቱና ጡንቻው ነው፤ የበሩ ብልሽት ግን ምግብ ስለቀነሰ አይጠገንም። ከልክ ያለፈ ስጋ አይብላ፤ ይህ ይበቃል። ከስጋው ይልቅ እኔ የምጠነቀቀው ጨውን ነው። ጨው ሲበዛ በሽንት የሚወጣው ሲስቲንም ይበዛል።

ዋናው መድኃኒቱ ውሃ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ለአንድ ተማሪ ልጅ ከባድ ሥራ ነው። በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ሽንት እንዲሸና ነው የምንፈልገው። ለዚያ የሚያበቃ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ማታ ከመተኛቱ በፊትም፣ ሌሊት ሽንት ሲነሳም። ጠጠር የሚጠራቀመው ሌሊት ሽንት ሲወፍር ነውና። በትምህርት ቤት መምህራኑ እንዲያውቁለትና ሽንት ቤት ሲጠይቅ እንዳይከለክሉት ወላጆቹ ቀድመው ያናግሩ። ይህን የምለው ልጆች እንዳያፍሩ ብለው ውሃውን ሲተዉ ስላየሁ ነው። ከውሃው ሌላ ሐኪሙ ፖታሲየም ሲትሬት ያዝለታል። ይህ ሽንቱን ከአሲድነት ያወጣዋል፤ ፒኤቹን በ7 እና በ7.5 መካከል ያቆየዋል። ሲስቲን እንደዚያ ባለ ሽንት ይበልጥ ይሟሟል። ከልክ በላይ ከፍ ከተደረገ ግን ሌላ ዓይነት ጠጠር፣ ካልሲየም ፎስፌት፣ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ክትትል ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ቲዮፕሮኒን የሚባል መድኃኒት አለ። ጥንዱን የያዘውን የድኝ ማያያዣ ይፈታውና ራሱ ከአንደኛው ጋር ይጣመራል። አዲሱ ጥንድ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ብልህ መድኃኒት ነው።

አሁን የእርስዎ ተራ። የእርስዎ ነገር ጠመዝማዛ ነው።

ኮላጅን ፕሮቲን ነው። ቆዳን፣ ጅማትን፣ አጥንትን የሚያያይዘው እሱ ነው። ግን እንደሌላው ፕሮቲን አይደለም። ሃይድሮክሲፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድ በብዛት አለው። ይህ በሌሎች ምግቦች ውስጥ ብዙም አይገኝም። 10 ግራም የኮላጅን ዱቄት ቢወስዱ ከ1 ግራም በላይ የሚሆነው ሃይድሮክሲፕሮሊን ነው። ሰውነትዎ ግን ይህን መልሶ አዲስ ኮላጅን አይገነባበትም። በኮላጅን ውስጥ ያለው ሃይድሮክሲፕሮሊን የሚሠራው ፕሮሊን ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ እዚያው ላይ ተለውጦ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣው ይፈርሳል። የሚፈርሰው ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሃይድሮክሲፕሮሊን ሲፈርስ ግላዮክሲሌት የሚባል ነገር ይወጣዋል። ግላዮክሲሌት መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ነው በሉት። በአንዱ ቢሄድ ግላይሲን ይሆናል፤ ግላይሲን ጉዳት የሌለው አሚኖ አሲድ ነው። በሌላው ቢሄድ ኦክሳሌት ይሆናል። ኦክሳሌት ከሆነ በኋላ ሰውነት የሚያደርገው ነገር የለም፤ በኩላሊት ማስወጣት ብቻ ነው። አብዛኛው ግላዮክሲሌት በደህናው መንገድ ይሄዳል። መንገዱን የሚያሳየው ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ ሥራውን የሚሠራውም በቫይታሚን ቢ6 እየታገዘ ነው። ይህ ኢንዛይም በዘር የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ። ገና በልጅነታቸው ኩላሊታቸው በኦክሳሌት ይሞላል። ያ ከባድና ብርቅ በሽታ ነው፤ የእርስዎ ሁኔታ ያንን አይመስልም።

ኢንዛይሙ ጤነኛ የሆነ ሰው ላይም ቢሆን ግን ጥቂቱ ያመልጣል። ለኦክሳሌት ጥቂቱ ብዙ ነው። በቀን በሽንት ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው 40 ሚሊ ግራም ገደማ ነውና። አምስት ወይም አስር ሚሊ ግራም ቢጨመርበት ልዩነት ያመጣል። ጤነኛ ሰዎች 30 ግራም ጄላቲን፣ ማለትም ተቀቅሎ የሟሟ ኮላጅን፣ እንዲወስዱ ተደርጎ ሽንታቸው ተለክቷል። ኦክሳሌታቸው ጨመረ። በሌላ ቀን እዚያው መጠን ያለው የአጓት ፕሮቲን ሲወስዱ ግን እንዲያ አልሆነም። ሁለቱም «ፕሮቲን» ናቸው። በመንገዳቸው ግን ይለያያሉ።

«ግላይሲንስ? ኮላጅን ውስጥ እሱም ሞልቷል» የሚል ሊኖር ይችላል። ልክ ነው፤ ከኮላጅን አሚኖ አሲዶች አንድ ሦስተኛው ግላይሲን ነው። ወደ ኦክሳሌት የሚለወጠው ግን በጣም ጥቂቱ ነው። እሱን ይተዉት።

ታዲያ ጠጠሩን ያመጣው ኮላጅኑ ነው? እንዲህ ብዬ አልፈርድም። አንድ ጠጠር በአንድ ምክንያት አይሠራም። ውሃ ማነስ፣ ጨው፣ ዘር፣ ሙቀት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግን አንድ ጊዜ የኦክሳሌት ጠጠር ለወጣለት ሰው በየቀኑ የኮላጅን ዱቄት እንዲወስድ አልመክርም። ሌላም ልንገርዎት። የማሸጊያውን ጀርባ ገልብጠው ያንብቡት። ብዙ የኮላጅን ዱቄቶች «ቫይታሚን ሲ የተጨመረበት» ናቸው። ቫይታሚን ሲም በብዛት ሲወሰድ ከፊሉ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። ሁለቱ በአንድ ማንኪያ ይመጡብዎታል። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። እርስዎም ኮላጅኑን ብቻ ነው የጠቀሱልኝ።

ስጋውን በተመለከተ መንገዱ ሌላ ነው። ስጋ፣ እንቁላልና ዓሣ ውስጥ ድኝ የያዙ ሁለት አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ሜታዮኒንና ሲስቴይን። ሰውነት ሲያቃጥላቸው ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። በእርግጥ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ግን በየቀኑ ነው። ኩላሊት ይህን አሲድ ለማስወጣት ግሉታሚን የሚባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ይሰብርና አሞኒያ ያወጣበታል፤ አሲዱ በአሞኒያው ተይዞ ይወጣል። አሲዱ ሲበዛ ግን ሦስት ነገር ይሆናል። አጥንት አሲዱን ለማለዘብ ካልሲየም ይለቃል፤ ያ ካልሲየም ሽንት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ኩላሊት ሲትሬትን ወደ ደም ይመልሳል። ሲትሬት በሽንት ውስጥ ካልሲየምን ይዞ ከኦክሳሌት ጋር እንዳይገናኝ የሚያደርግ ትልቅ ወዳጃችን ነው፤ ሲቀንስ ይጎዳናል። ሦስተኛ፣ ሽንቱ ራሱ አሲድ ይሆናል። ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ ዩሪክ አሲድ መሟሟት ያቅተውና ሌላ ዓይነት ጠጠር ይሆናል።

ይኸው ሜታዮኒን ደግሞ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በኢንፌክሽን የሚመጣ ስትሩቫይት የሚባል ጠጠር አለ፤ እሱ የሚያድገው አልካሊ በሆነ ሽንት ነው። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሽንቱን አሲድ ለማድረግ ሜታዮኒን በክኒን የሚታዘዝበት ሁኔታ አለ። «የትኛው? በየት በኩል?» ያልኩት ለዚህ ነው። ለአንዱ መርዝ የሆነው ለሌላው መድኃኒት ይሆናል፤ የሚወስነው የጠጠሩ ዓይነት ነው።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ ከጠጠር የሚጠብቁን አሚኖ አሲዶችም አሉ፤ ነገሩ የሚያምረኝም እዚህ ላይ ነው። አስፓርቲክ አሲድና ግሉታሚክ አሲድ ይባላሉ። ኩላሊት ወደ ሽንት የሚለቃቸው እንደ ኦስቲዮፖንቲን ያሉ ፕሮቲኖች በእነዚህ የተሞሉ ናቸው። የአሚኖ አሲዶቹ ጫፍ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፤ ካልሲየም ደግሞ አዎንታዊ ነው። የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል ማደግ ሲጀምር ፕሮቲኑ ገጹ ላይ ሄዶ ይለጠፍበታል። አዲስ ካልሲየም የሚያርፍበት ቦታ ይያዛል፤ ክሪስታሉም ማደጉን ይገታል። ሁላችንም ሽንት ውስጥ ካልሲየምና ኦክሳሌት አለ፤ ብዙዎቻችን ጠጠር የማይዘን በእነዚህ ጠባቂዎችም ጭምር ነው። ግን አደራ፣ ይህን አንብበው የአስፓርቲክ አሲድ ክኒን እንዳይገዙ። ሥራውን የሚሠራው ሰንሰለቱ ነው፤ ብቻውን ያለ አሚኖ አሲድ ያን ያህል ጉልበት የለውም። የሚዋጥ ክኒንም ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል እንጂ ጠባቂ ሆኖ ሽንት ውስጥ አይቆምም።

ወተቱ ጋ ደረስን። ጠጠሩ ካልሲየም አለበት ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያቆመው ወተት ነው። ስህተት ነው። በምግብ ውስጥ ያለ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይይዘዋል፤ ሁለቱም በሰገራ ይወጣሉ። ካልሲየሙን ሲያቆሙ ኦክሳሌቱ ያዢ ያጣና ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ ኩላሊት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጠጠር የሚመላለስባቸውና ሽንታቸው ውስጥ ካልሲየም የበዛ 120 ወንዶች በሁለት ተከፈሉ። 60ዎቹ ካልሲየም ቀነሱ። 60ዎቹ ካልሲየማቸውን እንደ ወትሮው ትተው ጨውንና የእንስሳት ፕሮቲንን ቀነሱ። ከ5 ዓመት በኋላ ካልሲየም ከቀነሱት 23ቱ፣ ጨውና ስጋ ከቀነሱት ደግሞ 12ቱ እንደገና ጠጠር ያዛቸው። ልብ ይበሉ፤ ስጋ ቀነሱ እንጂ አላቆሙም።

ስለዚህ ወተትዎን ከምግብ ጋር ይመልሱ። ስጋውንም ፈጽመው አይተዉት፤ በቀን የሚወስዱት ፕሮቲን በጠቅላላው በአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.8 እስከ 1 ግራም ቢሆን ይበቃል። ጨው ይቀንሱ። አትክልትና ፍራፍሬ ሲትሬትን ስለሚጨምሩ ማዕዱን ይሙሉበት። የሽንትዎ መጠን በቀን 2 ሊትር ተኩል ይድረስ፤ የጠጡትን ሳይሆን የሸኑትን ይለኩ። አንድ ቀን ቤት ሲውሉ በመለኪያ ጠርሙስ ቢሞክሩት ራስዎ ይገረማሉ። «ብዙ እጠጣለሁ» የሚል ሰው ሲለካ አንድ ሊትር የማይሞላበት ጊዜ አለ።

ከዚያ የ24 ሰዓት ሽንት ምርመራ ያሠሩ። አሁን ኮላጅኑን ስላቆሙ መልሰው አይጀምሩት፤ በሌላው ግን እንደወትሮዎ እየበሉና እየጠጡ ያጠራቅሙ። ለምርመራው ብለው ጾመው ወይም ውሃ ጨምረው ቢያጠራቅሙ ቁጥሩ የእርስዎ አይሆንም። ኦክሳሌት፣ ካልሲየም፣ ሲትሬት፣ ሶዲየም፣ ዩሪክ አሲድ፣ ፒኤችና የሽንቱ ብዛት ይታይልዎት። ኮላጅን በሌለበትም ኦክሳሌቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ የአንጀት ችግርም ሊሆን ይችላል። በዚህ መሀል ጎንዎን አሞዎት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ግን ምርመራ አይጠብቁ። በጠጠር የተዘጋ ሽንት ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ስለ ዘሩም ልንገርዎት። ሲስቲኑሪያ በአብዛኛው የሚይዘው ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ጂን ለወሰደ ልጅ ነው። በዓለም ላይ ከ7000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ወንድምዎ ተሸካሚ፣ ማለትም የተበላሸውን ጂን ከአንድ ወገን ብቻ የወሰደ፣ መሆኑ አይቀርም፤ እርስዎም ተሸካሚ የመሆንዎ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። አብዛኛው ተሸካሚ ጠጠር አይይዘውም፤ የእርስዎ ጠጠር ተመርምሮ ካልሲየም ኦክሳሌት ስለተባለም በዚህ አልጨነቅልዎትም። እኔን የሚያሳስቡኝ የልጁ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው በበሽታው የመያዝ ከአራት አንድ ዕድል አላቸው፤ ሕመም እስኪጀምራቸው መጠበቅ የለባቸውም። ለወንድምዎ ዛሬ ይደውሉላቸውና ልጆቹን በሙሉ ያስመርምሩ። የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው፤ ሽንቱ ላይ ኬሚካል ጠብ ይደረግበታል፣ ሲስቲን ከበዛበት በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል።